ሐበሻ ታካሚዎች ለአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ እሺ እንዲሉ ምን ይሻላል?

ነርሷ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። ደም ግፊት እንለካ ስላቸው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ስኳሩንም፣ ኮሌስትሮሉንም፣ ማሞግራሙንም (የጡት ራጅ) ብዙ ሳይከራከሩ ያደርጋሉ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይቆማል። «እሱን ሌላ ጊዜ» ይሉኛል። ያ ሌላ ጊዜ አይመጣም። ናሙና እንዲያመጡ የሰጠናቸው የሰገራ ምርመራ ኪት ቤት ገብቶ በዚያው ይቀራል።

ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ካንሰር ወንድና ሴት አንድ ላይ ሲቆጠር በገዳይነቱ ከካንሰሮች 2ኛ ነው። ምርመራው ድሮ የሚጀመረው በ50 ዓመት ነበር። በሽታው በወጣቶች ላይ እየበዛ ስለመጣ በ2021 መነሻው ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ብላክ ፓንተር የተባለውን ፊልም የሠራው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 ያረፈው በዚሁ ካንሰር ነው፤ ገና 43 ዓመቱ ነበር።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚጀምረው ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እባጭ ነው። ፖሊፗ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። በዚህ መሃል ከተገኘች በኮሎኖስኮፒው ጊዜ (በመቀመጫ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ አንጀት ሲታይ) እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች። ካንሰሩ ጭራሽ ሳይፈጠር ይቀራል። ማሞግራም እንኳ የሚያደርገው የመጣውን ቶሎ ማግኘት ነው።

የምሰማቸው መልሶች ይመሳሰላሉ። «ምንም አያመኝም እኮ።» «ከተገኘብኝስ? ባላውቀው ይሻላል።» «በዚያ በኩል? ኧረ በስመ አብ!» «ፈረቃዬን ማን ይሸፍንልኛል?» አንዳንዶቹ ደግሞ በትሕትና እሺ ብለው ይወጣሉ፣ ከዚያ ስልክ አያነሱም።

እናንተ ወይም ወላጆቻችሁ እሺ ያላችሁት ምን ሲባል ነው? እምቢ ያላችሁም ብትሆኑ ምክንያታችሁን ንገሩኝ። ለመከራከር አይደለም፣ ሥራዬን ለማሻሻል ነው።

ታክሲ ነጂው (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። እኔ 52 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ በየቀጠሮው «ኮሎኖስኮፒ ያስፈልግሃል» ትለኛለች፣ እኔም እሺ ብዬ ወረቀቱን ይዤ እወጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ሲደወል በእንግሊዝኛ ቁጥር ተጫን፣ ጠብቅ፣ እንደገና ጠብቅ ነው። መኪና እየነዳሁ የማደርገው ነገር አይደለም።

እሺ ያልኩት ከክሊኒኩ አማርኛ የምትናገር ልጅ ደውላልኝ ነው። «ጋሼ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቤትዎ ሆነው የሚያደርጉት ነው፣ አንዱ ሆስፒታል ነው። የትኛው ይሻልዎታል?» አለችኝ። ታደርጋለህ ወይስ አታደርግም አላለችኝም። የቤቱን መረጥኩ። በሳምንቱ እንደገና ደወለች። ላከው አለችኝ፣ ላክሁት። ውጤቱም ደህና ሆነ። አሁን በየዓመቱ አደርጋለሁ።

ሌላው የመኪና ጉዳይ ነው። ኮሎኖስኮፒ ማደንዘዣ ስላለው አዋቂ ሰው መጥቶ ካልወሰደህ አይለቁህም። ብቻህን ታክሲ ጠርተህ መሄድ ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ብቸኛ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው፣ ግን ሰው ያፍራል እንጂ አይናገርም። እኛ በዕቁባችን ተነጋግረን ጨርሰነዋል። ቀጠሮ ያለው ሰው ቀኑን ይናገራል፣ አንዳችን ግማሽ ቀን ሥራ ትተን እንወስደዋለን። ለለቅሶ ሥራ እናቆም የለም እንዴ? ለዚህስ ለምን አይሆንም?

የአንጀት ሐኪም በሥልጠና ላይ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድማችን የተናገረው በጥናትም የታየ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት ታካሚዎችን በሦስት ከፈላቸው። ኮሎኖስኮፒ ብቻ ከታዘዘላቸው ምርመራውን የፈጸሙት 38 በመቶ ነበሩ። የሰገራ ምርመራ ከታዘዘላቸው 67 በመቶ። ሁለቱ ቀርቦላቸው እንዲመርጡ ከተደረጉት ደግሞ 69 በመቶ። ስለዚህ ነርሷ፣ ኮሎኖስኮፒን ብቻ ይዘሽ አትግቢ።

ስለ ኪቱ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። አሁን በብዛት የሚሰጠው ኤፍ.አይ.ቲ. የሚባለው ነው። የሚፈልገው በዓይን የማይታይ የሰው ደም ነው። የሰውን ደም ብቻ ስለሚለይ የበላችሁት ሥጋ አያሳስተውም። ክትፎም ሆነ ጥሬ ሥጋ ብትበሉ ችግር የለም። ድሮ የነበረው ዓይነት ምርመራ ሥጋና አንዳንድ አትክልት ያስከለክል ነበር፤ ወላጆቻችን «ለቀናት ሥጋ አትብሉ ተብለናል» የሚሉት ከእሱ ነው። ኪንታሮት እየደማ ወይም የወር አበባ ላይ ሆኖ ግን ናሙና አይወሰድም። ጥቂት ቀን ይቆያል።

ናሙናው ትንሽ ነው። በተሰጣችሁ እንጨት ጫፍ ነካ ነካ አድርጋችሁ ጠርሙሷ ውስጥ መክተት ነው። ቀኑን መጻፍ አትርሱ። ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ይጣላል። እዚህ አገር ወር ከቀን እንደሚቀድምም አስታውሱ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኤፍ.አይ.ቲ. በየዓመቱ ካልተደገመ ጥቅሙ ይቀንሳል። ኮሎጋርድ የሚባለው የሰገራ ዲኤንኤ ምርመራ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ኮሎኖስኮፒ ንጹሕ ከሆነ እስከ 10 ዓመት። ሁለተኛ፣ ኪቱ ደም አለ ካለ ኮሎኖስኮፒ የግድ ነው። «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መተው አይቻልም። ኪቱን መድገምም መፍትሔ አይደለም። ደም አለ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው ወይም ፖሊፕ ነው። ያንን የሚለየው ግን ገብቶ ማየት ብቻ ነው።

የደም ምርመራም ወጥቷል። ሺልድ የሚባለው በ2024 ተፈቅዷል። ካንሰር ካለባቸው ሰዎች 83 በመቶውን ያገኛል፤ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የደረሱ እባጮችን ግን የሚያገኘው 13 በመቶውን ብቻ ነው። መከላከልን ካሰብን ደካማ ነው። ሁሉንም እምቢ ላለ ሰው ግን ከምንም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቤዛ (ሲያትል)

እኔ ሌላ ነገር ላንሳ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። ሐኪም «በቤተሰብሽ የአንጀት ካንሰር ያለበት አለ?» ሲለን የለም እንላለን። እንደሌለ በምን አወቅን?

አባቴ ባሕር ዳር ነው ያረፈው። ለእኛ የተነገረን «ጨጓራው ነው» ተብሎ ነበር። በመጨረሻ «የሆድ ሕመም» ሆነ። ለቅሶው ላይም የተባለው ይኸው ነው። ለራሱም አልተነገረውም። ቤተሰቡ ሐኪሙን «እንዳይሰማ፣ ተስፋ ይቆርጣል» ብሎ ለመነ። እኔ እዚህ መጥቼ የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ላይ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ የለም አልኩ። የማውቀው እሱን ነው።

በኋላ አክስቴ ጋ ስለሌላ ነገር ስናወራ የሆስፒታሉን ወረቀት አስቀምጣ እንደነበር ነገረችኝ። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይላል። አባቴ ያኔ 51 ዓመቱ ነበር።

ለሐኪሜ ስነግራት ሁሉ ነገር ተለወጠ። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ይህ ካንሰር ከነበረበት ምርመራው በ45 አይጠበቅም። በ40 ይጀመራል፣ ወይም ዘመድሽ በታወቀበት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ቀንሶ፣ ከሁለቱ የሚቀድመው። የኔ ስለዚህ በ40 መሆን ነበረበት። ደግሞም በኪት ሳይሆን በኮሎኖስኮፒ። ሄድኩ። ሁለት ፖሊፕ ነበረኝ። ተቆርጠው ወጡ፣ ካንሰር አልነበሩም። ከ3 ዓመት በኋላ ተመለሽ ተባልኩ።

አክስቴን ወይም እናቴን አልወቅስም። በፍቅር ነው የደበቁት። ግን የደበቁት ነገር ከአባቴ ጋር አልተቀበረም፣ ወደ እኔና ወደ ወንድሜ ነው የመጣው። ወንድሜ ዱባይ ነው። ነግሬው እሱም ተመርምሯል።

ሰላም (ኦክላንድ)

ቤዛ፣ ይህን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። የኔም አጎት «በጉበት» ነው የተባለው፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። እንዴት ብለሽ ነው የምትጠይቂያቸው? እናቴን ስለ ሞተ ሰው ሕመም ብጠይቃት «ምን አስታወሰሽ? ሰላም አይደለሽም እንዴ?» ትለኛለች።

ቤዛ (ሲያትል)

ሰላምዬ፣ የኔ እናትም እንደዚያው ናት። እኔ የሠራልኝን ልንገርሽ። «ካንሰር ነበረው ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። ያ ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል። «ሐኪሜ ለኔ ጤና ብላ ስለ ቤተሰብ ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?» ብለሽ ጀምሪ። ለራስሽ ስትይ ስትጠይቂያቸው ይረዱሻል። ለልጃቸው የሚጠቅም ነገር አይከለክሉም።

ከዚያ በምልክት ጠይቂ። ከሲታ ሆኖ ነበር ወይ? ደም ይወርደው ነበር ወይ? ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር ወይ? ሆዱ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት ተደርጎለት ነበር ወይ? የመጨረሻው ትልቅ ምልክት ነው፤ ሰው ያስታውሰዋል። ዕድሜውን ደግሞ በዓመት ምሕረት ሳይሆን በነገር ጠይቂ፦ «ያኔ እኔ ስንተኛ ክፍል ነበርኩ?» በዚያ ታሰይዋለሽ። ያገኘሽውን ሁሉ እርግጠኛ ባትሆኚም ለሐኪምሽ ንገሪያት። ጉበት ላይ ነው የተባለውም እኮ ከአንጀት ተነሥቶ የተዛመተ ሊሆን ይችላል።

የአንጀት ሐኪም በሥልጠና ላይ (ሚኒያፖሊስ)

ቤዛ ልክ ናት፤ የአንጀት ካንሰር ሲዛመት በብዛት መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። በአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው ታሞ ከሆነ፣ ወይም ከ50 በታች የታመመ ካለ፣ ወይም የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርም በቤተሰቡ ካለ ሊንች የሚባል የዘር ችግር ሊሆን ይችላል። የዘር ምርመራ ይጠየቃል። ያኔ ኮሎኖስኮፒው ከ20ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ከአገር ቤት ልጨምር። እዚህ ለአንጀት ካንሰር አገር አቀፍ የቅድመ ምርመራ ፕሮግራም የለም። በመንግሥት ደረጃ በስፋት የሚሠራው የማሕፀን በር ካንሰር ልየታ ነው። ኮሎኖስኮፒ በጥቁር አንበሳና በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች አለ፤ ሐኪሙ ግን ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ከውጭ የምትደውሉ ልጆች እናታችሁን «ስክሪኒንግ አድርጊ» ብትሏት ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

በሽታው ግን አለ። በአዲስ አበባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የካንሰር ምዝገባ እንደሚያሳየው በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ፊተኛው መስመር ላይ ነው። ክሊኒክ የምናያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ የሚመጡትም ዘግይተው ነው።

ለምን ይዘገያል? ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ይባላል። ተቅማጥና ቁርጠት ሲኖር «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» ይባላል። ፋርማሲ ሄዶ ፍላጂል ይወሰዳል። ትንሽ ይሻለዋል፣ እንደገና ይጀምረዋል፣ እንደገና ይወስዳል። ኪንታሮት ነው የተባለው ደግሞ የባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በዚህ መሃል ወራት ያልፋሉ። አንዳንዴም ከዓመት በላይ።

ለቤተሰቦቻችሁ ስትደውሉ ስክሪኒንግ የሚለውን ትታችሁ እነዚህን ጠይቁልኝ። ሰገራ ላይ ደም አለ ወይ? የሆድ አመል ከተለወጠ ሳምንታት አልፎታል ወይ፣ ድርቀትም ይሁን ተቅማጥ? ሳያስቡት ከስተዋል ወይ? የደም ማነስ ተብለው የብረት ክኒን ብቻ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል ወይ? በወንድ ወይም የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የብረት እጥረት የደም ማነስ ከታየ ደሙ የት እየሄደ እንደሆነ መፈለግ አለበት። መልሱ አዎ ከሆነ የምርመራውን ወጪ ሸፍኑላቸው። በኋላ ለሕክምና ከምትልኩት በጣም ያነሰ ነው። ሐኪሙም በመቀመጫ በኩል በጣት እንዲመረምራቸው ይፍቀዱ። ያ ቀላል ምርመራ፣ ለማድረግም የሚከብድ ነገር የለውም፣ የደንዳኔ ጫፍ ላይ ያለን እባጭ ብዙ ጊዜ ያገኛል። ታካሚውም ሐኪሙም እየተፋፈሩ የሚዘሉት እሱን ነው።

የዳላሱ አባት

ልጆቼ፣ ሰውን ግን አታስፈራሩት። ስንቱ ሰው ሳይመረመር 90 ዓመት ኖሯል። ቀኑን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ጸበልም አለን። ደህና የሆነ ሰው ሆስፒታል ሄዶ መሣሪያ ሲገባበት ተጎድቶ የወጣ አልሰማችሁም?

ዲያቆን (አትላንታ)

አባቴ፣ ቃልዎን አከብራለሁ። ቀኑ በእግዚአብሔር እጅ እንደሆነ ሁላችንም እናምናለን። ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። በደብራችን ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ምርመራ ነርሶች መጥተው ሲያስረዱ ካህናቱ ራሳቸው ቀድመው ኪት ወሰዱ። ሕዝቡም ተከተለ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ምርመራውንም ቢያደርግ የሚከለክለው የለም።

የአንጀት ሐኪም በሥልጠና ላይ (ሚኒያፖሊስ)

አባታችን ያነሱት የጉዳት ጥያቄ ተገቢ ነው፣ በግልጽ መመለስ አለበት። አዎ፣ ኮሎኖስኮፒ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንጀት የመበሳት አደጋ አለ፤ በቅድመ ምርመራ ላይ ከ1,000 ሰው 1 አይሞላም። ፖሊፕ ሲቆረጥ መድማትም አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። ዕድሜ ሲገፋና ሌላ በሽታ ሲደራረብ አደጋው ከፍ ይላል። ይህን የሚፈራ ሰው በኪት ይጀምር። ኪቱ በራሱ ምንም አይጎዳም።

በሌላ በኩል ያለውንም እንይ። ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተያዘ ከ10 ታካሚ 9ኙ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ወደ ጉበት ወይም ሳንባ ከሄደ በኋላ ግን ከ10 አንድ ወይም ሁለት ናቸው።

ወለተ (ቪርጂኒያ)

ጥያቄ አለኝ። ቀጠሮዬ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የዋለው። የተሰጠኝ ወረቀት እንቁላል፣ ዶሮ፣ እርጎ ብላ ይላል። እኔ እጾማለሁ። ምን ልብላ? ሰርዤ ልተወው ነው ያሰብኩት።

ነርሷ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወለተ፣ እንዳትሰርዢ! ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ሳይናገር ቀርቷል።

የጾም ምግባችን ለልብ ጥሩ ነው፣ ለኮሎኖስኮፒ ዝግጅት ግን ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ቀናት ገለባና ፍሬ ያለው ነገር አንጀት ላይ ይቀራል፣ ሐኪሙ እንዳያይ ይከልላል። ስለዚህ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ይቅር። የጤፍ እንጀራም ይቅር፣ ጥቁሩ በተለይ። በምትኩ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ተልጦ የተቀቀለ ድንች፣ ፓስታ በዘይት፣ ልጣጩ የተነሳ የተቀቀለ ካሮት ብዪ። ሁሉም የጾም ናቸው። እንቁላል ግዴታ አይደለም።

ከምርመራው በፊት ያለው ቀን ሙሉ ፈሳሽ ብቻ ነው። ሻይ፣ ወተት የሌለው ጥቁር ቡና፣ የፖም ጭማቂ፣ የተጣራ የአትክልት መረቅ፣ ማር የተበጠበጠበት ውሃ ይቻላል። ቀይና ሐምራዊ ቀለም ያለው መጠጥ አይሆንም፣ ውስጥ ሲታይ ደም ይመስላል። የማጠቢያ መድኃኒቱ በሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ በምርመራው ቀን ማለዳ። የማለዳውን «ጾም ስለሆነ አልጠጣም» ብሎ መተው አይቻልም፤ አንጀቱ ካልጠራ ምርመራው ይደገማል። ይህን አስቀድመሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ቀጠሮውን ከፋሲካ በኋላ ማድረግም ይቻላል፣ ደውለሽ ሌላ ቀን ስትይዢ ብቻ የድሮውን ሰርዢ። ረመዳን የሚጾሙ ታካሚዎቻችንንም የምንመክራቸው እንዲሁ ነው፤ ከወሩ በፊት ወይም በኋላ እንይዝላቸዋለን።

የብረት ክኒን የምትወስዱ ከሳምንት በፊት ማቆም አለባችሁ። የደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒት ያላችሁ ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ብርቱካን (ነታንያ)

ከእስራኤል ሰላምታ። እኛ ዘንድ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅታችን) 50 ከሞላን ጀምሮ የሰገራ ምርመራውን በየዓመቱ በነጻ ይሰጣል። ችግሩ ደብዳቤው ነው። በዕብራይስጥ ይመጣል፣ እናቶቻችን አያነቡትም። ልጅ ያነበበላቸው ከሆነ ደግሞ ስለ ሰገራ ከልጅ ጋር ማውራት ነውር ነው ብለው ያልፉታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ረፉአ ሽሌማ የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ አማርኛ የሚናገሩ አስተባባሪዎች በክሊኒኮች ገብተዋል። እናቴን ያሳመነቻት ከእነሱ አንዷ ናት። የቤተሰብ ልጅ አይደለችም፣ ሴት ናት፣ ዕድሜዋም ለእናቴ ይቀርባል። ጠርሙሷን ከፍታ አሳየቻት። ስለዚህ ነርሷ፣ እናቶችን ልጆቻቸው ፊት አታናግሪያቸው። ልጁን በትሕትና ውጭ ጠብቅ በዪው።

ሀና (ለንደን)

እንግሊዝ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው ኪቱ በየ2 ዓመቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣል። በነጻ ነው፣ መመለሻ ፖስታውም ተከፍሎበታል። አድራሻ ቀይራችሁ ለሐኪማችሁ ካላሳወቃችሁ ግን አይደርሳችሁም።

ዮናስ (ቨርጂኒያ)

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም። እኔ ነጻ ነው ተብዬ ሄጄ ፖሊፕ ስለተቆረጠ ቢል መጣብኝ። ይህን የሰማ ጓደኛዬ ቀጠሮውን ተወ። ሰው እንዲመረመር የሚከለክለው ይህም ነው።

ነርሷ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዮናስ፣ አዝናለሁ፤ ግን ዝም ብለህ እንዳትከፍል። በአብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ከ45 ዓመት ጀምሮ ቅድመ ምርመራው ያለ ክፍያ መሸፈን አለበት፤ በዚያው ፖሊፕ ቢቆረጥም። ኪቱ ደም አለ ብሎ የሚደረገው ኮሎኖስኮፒም አሁን እንደ ቅድመ ምርመራው አካል ነው የሚቆጠረው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የቢል ኮዱ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ደውለህ «ይህ የቅድመ ምርመራ ነበር፣ ኮዱ ይታይልኝ» በል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው ግን ፖሊፕ ሲቆረጥ የተወሰነ ክፍያ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አስቀድመው ይጠይቁ። ምልክት ኖሮት የሚመረመር ሰውም ክፍያው ይለያል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በገቢ ልክ ወደሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ሄዶ በኪት ይጀምር።

ስልክ ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ሁሉ በነጻ ማቅረብ አለበት። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የቻለ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ከእናንተ የወሰድኩትንም ልንገራችሁ። ከሰኞ ጀምሮ «ታደርጋለህ?» ማለቴን አቁሜ «የትኛው ይሻልሃል?» እላለሁ። ኪቱን እዚያው ከፍቼ አሳያለሁ፣ ቀኑ የሚጻፍበትን አሳያለሁ፣ በሳምንቱ ራሴ እደውላለሁ። የቤዛን ጥያቄዎች ደግሞ በአማርኛ ጽፌ ለሐኪሞቹ ልሰጣቸው ነው። «ካንሰር አለ?» የሚለው ቀርቶ «አባትዎ በምን አረፉ? ስንት ዓመታቸው ነበር? ኦፕራሲዮን ነበራቸው?» ይሁን። የዕቁቡንም ሐሳብ ለደብሩ አንስቼዋለሁ፤ መኪና ያላቸው ፈቃደኞች ስም እየተመዘገበ ነው።

ሰላም (ኦክላንድ)

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ከጎንደር ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ተመርምራ አታውቅም። ላስመርምራት ወይስ ልተዋት?

የአንጀት ሐኪም በሥልጠና ላይ (ሚኒያፖሊስ)

ሰላም፣ ከ45 እስከ 75 ለሁሉም ይመከራል። ከ76 እስከ 85 በሰውየው ሁኔታ ይወሰናል፣ ከዚያ በላይ አይመከርም። እናትሽ ተመርምረው ስለማያውቁ ከብዙ እኩዮቻቸው ይልቅ ሊጠቅማቸው ይችላል። በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ በኪት መጀመር ጥሩ ነው። ግን ኪቱን ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ደም ቢገኝ ኮሎኖስኮፒ ለማድረግ ፈቃደኛ ናቸው ወይ? እሱን ፈጽሞ አልፈልግም ካሉ ኪቱም አይጠቅምም፣ ያስጨንቃቸዋል እንጂ። ደም ወይም ክሳት ካለ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ያኔ ዕድሜ ሳይታይ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሰላም (ኦክላንድ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ። ስለ አጎቴም አብሬ።